ለሲቪክስ መምህርቷ ልጄ

ልጄ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከምሳ በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ ግማሹ ልጅ ዴስኩ ላይ ተደፍቶ፣ የቀረው የሒሳብ የቤት ሥራ ከጓደኛው እየገለበጠ፣ አንቺ ስለ ሕግ የበላይነት ለግድግዳው ስታወሪ ትውያለሽ። «እነዚህ ልጆች አገራቸውን አይወዱም እንዴ ጋሼ?» ብለሽኛል። ይወዳሉ። የማይወዱት ክፍለ ጊዜሽን ነው፤ ሁለቱን አትደባልቂያቸው። ታሪክና ሲቪክስ ሳስተምር ነው የሸበትኩት፤ የሚጠቅምሽን ያህል በቁጥር አስቀምጬልሻለሁ። ቁጥሩ ለማስታወስ እንዲመችሽ ብቻ ነው።

1. ልጆቹ የሰለቹበትን ምክንያት ከስንፍናቸው አትፈልጊ። አንቺም የተማርሽበትን መጽሐፍ አስታውሺ። ከአምስተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እነዚያው አሥራ አንድ ምዕራፎች ነበሩ የሚመላለሱት፦ ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ ራስን መቻል፣ ቁጠባ፣ ንቁ ተሳትፎ፣ ዕውቀትን መሻት። ዘጠነኛው ቁጠባ መሆኑን ተማሪው ሳይገልጥ ያውቀው ነበር። ፈተናውም ቢሆን ከአራቱ ምርጫ በጣም ጨዋ የሚመስለውን ያከበበ ልጅ አይወድቅም። አሁን ስሙ «የዜግነት ትምህርት» ተብሏል፤ ልጆቹ ግን ዛሬም «ሲቪክስ» ነው የሚሉት፣ ልማዱም አብሮ ተሻግሯል። መልሱ አስቀድሞ ተቆርጦ በመጣ ነገር ላይ ማንም አእምሮውን አያደክምም። ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው፦ መልሱ እጅሽ ላይ የሌለ ጥያቄ ይዘሽ ግቢ፣ ጽሑፉን በእጃቸው ስጫቸው፣ ከዚያ ይከራከሩ።

2. አገራችን በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ አራት ሕገ መንግሥት አይታለች። አራቱንም ለማስተማር አትሞክሪ፤ ሰሚስተሩ ያልቅብሻል። አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘሽ በአራቱም በር አንኳኪ፦ ሥልጣን የማን ነው?

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው ባለ 55 አንቀጽ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በፈቃዳቸው ለሕዝባቸው የሰጡት ሆኖ ነው የቀረበው። አንቀጽ 32ን አስነብቢያቸው። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን መኳንንቱና የአገሩ ሹማምንት ይመርጣሉ ይላል። «እስኪበቃ» የሚለውን ማን ነው የሚለካው? መብቃቱስ በምን ይታወቃል? ይህን ጠይቂና ዝም በይ። የተኛው ሁሉ ይነሳል፤ ምክንያቱም «ገና አልደረሳችሁም» መባልን ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የበለጠ የሚያውቀው የለም።

የ1948ቱ 131 አንቀጽ አለው። ሕዝቡ እንደራሴዎቹን እንዲመርጥ ፈቅዷል፤ አንቀጽ 26 ላይ ግን ሉዓላዊው ሥልጣን የንጉሠ ነገሥቱ እንደሆነ ይቀጥላል። የፖለቲካ ፓርቲም አልነበረም። ታዲያ መራጩ ምን መረጠ? ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ለሕዝበ ውሳኔ የቀረበው ደግሞ ሥልጣኑን ለሠራተኛው ሕዝብ ሰጥቶ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲን (ኢሠፓን) መሪ ኃይል አደረገው። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው አንቀጽ 8 ላይ ሉዓላዊነቱን ለብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ያደርገዋል። አራት ሰነድ፣ ሦስት ባለቤት። ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጻፊያቸውና ጠመኔውን ለልጆቹ አቀብያቸው። በ1966 ተረቅቆ ሳይጸድቅ የቀረም አለ፤ ጎበዝ ተማሪ ካገኘሽ እሱን አስፈልጊው። ሳይሆን የቀረ ነገር የሚማርካቸው ልጆች አሉ፤ እነሱ ናቸው በኋላ ታሪክ የሚያጠኑት።

አንድ ነገር ጠብቂ። «የቱ ይሻላል?» ብለሽ እጅ አታስወጪ። እሱ ስሜት ብቻ ነው የሚሰበስብልሽ። «ይህን የጻፈው ሰው ማንን ፈርቷል? ማንንስ አምኗል?» በያቸው።

3. ስለ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስጪ። የታሪክ መምህሩ ዓድዋን፣ አንቺ ሕገ መንግሥትን ትወስዳላችሁ፤ ልጆቹም ሁለቱ የማይተዋወቁ ይመስሏቸዋል። በዚህ ሰው ሕይወት ግን ይገናኛሉ። ተክለ ሐዋርያት በአሥራ ሁለት ዓመቱ ገደማ ከራስ መኮንን ጦር ጋር ዓድዋ የነበረ ልጅ ነው። ከዚያ ሩሲያ ተልኮ መድፈኛነት ተማረ። ተመልሶ በእንስሳት ተረት አድርጎ ሹማምንቱን የሚሸነቁጥ ቴአትር ጻፈ፤ ቴአትሩም ታገደ። ከዓድዋ ሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ፣ የጃፓኑን የሜጂ ሕገ መንግሥት ተመልክቶ የ1923ቱን ያረቀቀው ይኸው ሰው ነው። በጣሊያን ወረራ ዋዜማም ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሞ ስለ አገሩ ተከራክሯል።

እንግዲህ ልጆቹን ጠይቂያቸው፦ በእናንተ ዕድሜ፣ እንዲያውም ከእናንተ አንሶ ያንን ጦርነት ያየ ልጅ፣ አድጎ ብዕር ሲይዝ ለምን ሥልጣኑን ለንጉሠ ነገሥቱ ጻፈው? ነፃነቱን ለሕዝቡ ለመጻፍ ፈርቶ ነው? አልተፈቀደለትም? ወይስ አገር የሚጸናው መጀመሪያ ማዕከሉ ሲጸና ነው ብሎ አምኖ? እኔ የራሴ ግምት አለኝ፤ ለአንቺም አልነግርሽም፤ ከነገርኩሽ ለልጆቹ ትነግሪያቸዋለሽ። የራሱ የሕይወት ታሪክ «ኦቶባዮግራፊ» በሚል ታትሟል። ወፍራም ነው፣ ሁሉን አታስነብቢ፤ ስለ ዓድዋ የጻፈው ክፍል ይበቃል።

4. ዓድዋን አታሳንሺው፣ አታግዝፊውም። ልጆቹ በየዓመቱ የካቲት 23 ሽለላና ፉከራ ሰምተዋል፣ በባህል ልብስ ተሰልፈዋል፤ ድል መሆኑን አንቺ ልታስረጃቸው አያስፈልግም። የማያውቁት ድሉ በምን እንደተሠራ ነው።

ከስንቁ ጀምሪ። ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ ገና ማለፉ ነበር፤ በሽታው ከብቱን ፈጅቶት በሬ የሌለው ገበሬ ብዙ ነው። በዚያ አገር ላይ መቶ ሺህ ገደማ ሰው ለወራት ሲጓዝ ምን በላ? እህሉን ማን አቀረበ? የትግራይ ገበሬ ሠራዊቱ ሲያልፍበት ምን ተረፈው? እቴጌ ጣይቱ መቀሌ ላይ የጣሊያኖቹን ምሽግ ውኃ ያስያዙበትን ብልሃት ልጆቹ ይወዱታል፤ ግን ስንቅ ያዘጋጁትን ስማቸው ያልተጻፈ ሴቶችም አስፈልጊያቸው። አያት ያለው አያቱን ይጠይቅ።

የውጫሌን ውል ሁሉም ልጅ አማርኛውና ጣሊያንኛው በተለያዩበት በአንቀጽ 17 ያውቀዋል። ጎበዝ ይባልና ያበቃል። አንቺ አንቀጽ 19ን አሳያቸው፤ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ጽሑፍ ፍጹም አንድ ነው፣ ሁለቱም እኩል ይታመናሉ ይላል። ከ17 ቀጥሎ ሁለት አንቀጽ ብቻ ዘልቆ! ልጆቹ ይስቃሉ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ፊርማ ከማኖር በፊት ማንበብ ምን ማለት እንደሆነ አይረሱትም። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ ያፈረሰውና የኢትዮጵያን ነፃነት ያስመሰከረው የአዲስ አበባው ውል ደግሞ ጥቅምት 1889። በመካከሉ ያለውን ደም ልጆቹ ያውቁታል፤ ወረቀቱን አስነብቢያቸው።

አሁን ከባዱን ልንገርሽ። ዓድዋ ላይ ለጣሊያን ተሰልፈው የተማረኩ የኤርትራ አስካሪ ወታደሮች እጅና እግራቸው ተቆርጧል። ደግሞ ከዓድዋ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር በፊት እዚያው ዓድዋ የዘመቱት አፄ ምኒልክ ወላይታ ላይ ዘምተው ንጉሥ ጦና ተማርከዋል፤ በዚያ ጦርነት ያለቀው ሕዝብ ብዙ ነው። ክፍልሽ ውስጥ የዚህ ታሪክ ልጅ ልጆች ተቀምጠው ይሆናል። ዝም ብትይ አንቺ ስለማታውቂው ሳይሆን ስለደበቅሽው ይመስላቸዋል፤ ዕውነት ነውም። ለዚህ የሚረዳሽ አንድ ሰው ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ናቸው። በልጅነታቸው በደቡቡ ዘመቻ ተማርከው ቤተ መንግሥት አደጉ፤ ዓድዋ ላይ በመድፍ ስማቸው የገነነው እሳቸው ናቸው። በ1929 ፋሺስቶችን እየተዋጉ በእርጅናቸው አረፉ። ለልጆቹ ይህን ሕይወት ስጫቸውና «እንዴት አድርጋችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትጽፉታላችሁ?» በያቸው። አይቻላቸውም። አለመቻላቸው ነው ትምህርቱ።

5. የልደት ቀን ክርክር ሞክሪ። ጋና መጋቢት 6፣ ኬንያ ታኅሣሥ 12 በፈረንጅ አቆጣጠር የነፃነት ቀን አላቸው። እኛ የለንም። «የኢትዮጵያ ልደት መቼ ይከበር?» በይና በቡድን ክፈያቸው። አንዱ ቡድን አክሱምን ያነሳል፣ አንዱ ቴዎድሮስ የነገሡበትን 1847ን፣ አንዱ ዓድዋን፣ አንዱ ሐምሌ 9፣ 1923ን፣ አንዱ ሚያዝያ 27፣ 1933ን፣ አንዱ 1987ን። የእኔ ተማሪዎች ዘንድ ሁልጊዜ «ገና አልተወለደችም» የሚል አንድ ቡድን አይጠፋም ነበር፤ እነሱን ዝም አታሰኚ፣ ማስረጃ ጠይቂያቸው እንጂ። ደንቡ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ቡድን የመረጠው ቀን ማንን እንደሚያስገባና ማንን ውጭ እንደሚያስቀር መናገር አለበት። ሁለት ክፍለ ጊዜ ይወስድብሻል። ይውሰድ።

6. ክርክሩ በሚችሉት ቋንቋ ይሁን። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፣ ፈተናውም እንግሊዝኛ ነው፤ ይገባኛል። ግን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በማያስብበት ቋንቋ ስለ ሉዓላዊነት ተከራከር ሲባል ይሸመድዳል። መጀመሪያ በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻቸው ይሟገቱ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ አምስት መስመር ይጻፉ። ተቆጣጣሪ ከጠየቀሽ የሕገ መንግሥቱን የመጨረሻ አንቀጽ 106ን አሳዪው፤ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። አማርኛውን ማንበብ ሕጉን ራሱን ማንበብ ነው።

7. ሕግ መሬት ሲነካ አሳያቸው። በ1967 ዓ.ም. እኔም እንደ እኩዮቼ ወደ ዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሄጃለሁ። የካቲት 25 የወጣውን የገጠር መሬት አዋጅ ለገበሬዎች ስናነብ ስለ ፊውዳሊዝም የሚጠይቀን አልነበረም። «በሬው የጌታዬ ነው፤ መሬቱ የእኔ ከሆነ ክረምቱን በምን አርሳለሁ?» ነበር ጥያቄው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም አንቀጽ ሳስተምር ያን ገበሬ ክፍል ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

አንቀጽ 19ን ውሰጂ። (የውጫሌውን አይደለም፣ የ1987ቱን።) የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ግን አይቆጠርም። ልጆቹ ከየመጡበት ቀበሌ ተነስተው ያስሉት። ከወረዳው ከተማ አጠገብ ያለው ልጅና መኪና በሌለበት ቆላ ያለው ልጅ የሚያወጡት ሰዓት ይለያያል፤ በአንድ አንቀጽ ሥር እኩልነትም ፍትሕም ያለ ምዕራፍ ቁጥር ይመጡልሻል። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ከወረዳው ፍርድ ቤት ጋር ተነጋግረሽ አንድ ቀን ውሰጃቸው። ዳኛው ሲገቡ መነሳት፣ ስልክ ማጥፋት፣ ጠበቃ የሌለው ሰው እንዴት እንደሚናገር፤ ሰባት ምዕራፍ አይተካውም።

8. እድርን እንደ መማሪያ መጽሐፍ ተጠቀሚበት። እያንዳንዱ ልጅ የቤተሰቡን የእድር መተዳደሪያ ደንብ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ያምጣ። ከውስጡ ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ እንዴት እንደሚመረጡ፣ ቀብር የቀረ ስንት እንደሚቀጣ፣ አባል የሚባረረው በምን እንደሆነ፣ ሒሳቡን ማን እንደሚመረምር ይፈልጉ። በኋላ «ደንቡ እንዴት ይሻሻላል?» ብለሽ ጠይቂና ወደ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 105 ውሰጃቸው፤ የመብቶቹን ምዕራፍ ለማሻሻል የሁሉም ክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶችም በየፊናቸው በሁለት ሦስተኛ መስማማት አለባቸው። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ «የእኛ እድር ሰብሳቢ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ናቸው፣ ደንቡ ግን ሁለት ዓመት ይላል» ስትል ክፍሉ ፀጥ አለ፤ ከዚያ ሁሉም የየሰፈሩን ጉድ ማውራት ጀመረ። ደወሉ ተደውሎ የሚወጣ ጠፋ። የሥልጣን ገደብ የሚባለውን ነገር ያን ቀን እኔ አላስተማርኩትም፤ ተማሪዋና የእድር ዳኞቹ አስተማሩልኝ።

9. የተማሪዎች ፓርላማችሁ የምር ይሁን፤ ካልሆነ ይቅር። የክፍል ኃላፊው መምህር ጎበዙን ልጅ ጠርቶ «አንተ ሁን» የሚልበት ምርጫ ከመጽሐፉ የበለጠ ያስተምራል፤ የሚያስተምረው ግን መጥፎውን ነው። ወረቀት ተቆርጦ በምስጢር ይመረጥ፣ ቆጠራው በሁሉም ፊት ጮክ ተብሎ ይሁን፣ የተሸነፈው ልጅ ንግግር ያድርግ። ለተመረጡት ደግሞ አንድ ትንሽ የምር ሥልጣን ስጧቸው። ለምሳሌ የሚኒ ሚዲያው ዝግጅት ወይም የኳስ ሜዳው ተራ። ርዕሰ መምህሩ በወሰነው ነገር ላይ ድምፅ አታሰጧቸው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 መሠረት 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ይመርጣል፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ መራጮች ተቀምጠዋል ማለት ነው።

10. ታሪክን ከቲክቶክ ይዘው ይመጣሉ። አትቆጪያቸው፤ ቢያንስ ፈልገው ነው ያመጡት። «ማን አለው? መቼ? እንዴት አወቀ? ማንን ለማስደሰት?» የሚሉትን አራት ጥያቄዎች ግድግዳው ላይ ለጥፊ። ለመለማመጃ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ስለ ምኒልክ የጻፈውን የውዳሴ መጽሐፍና፣ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ላይ ያንን ውዳሴ እንዴት እንደነቀፈ አቅርቢላቸው። ሁለቱም የዘመኑ ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱም ንጉሡን ያውቃሉ፣ ሁለቱም የተማሩ ናቸው። ገብረ ሕይወት የሞተው ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜው ነው፤ ወጣት መሆኑን ስትነግሪያቸው ልጆቹ ፊታቸው ይለወጣል።

11. ካድሬ አትሁኚ። የትኛውንም ወገን ብትደግፊ መብትሽ ነው፤ ተማሪሽ ግን ሰኔ ሲመጣ የማንን እንደምትደግፊ መገመት ካቃተው ሥራሽን ሠርተሻል። በዘመኔ ሲቪክስ የመንግሥት ልሳን ነው ተብሎ ይታማ ነበር፤ ሐሜቱ ሁሉ ሐሰት አልነበረም። ክፍል ውስጥ ስለ ብሔር ሲነሳ አንድ ደንብ አውጪ፦ «እነሱ» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር አይፈቀድም። ማን፣ የት፣ መቼ ተብሎ ይነገር። ልጁ ስም፣ ቦታና ዓመት ሲፈልግ ቁጣው ይበርዳል። ሳይበርድ የቀረ ካለ ከክፍል በኋላ ብቻውን አነጋግሪው፣ በጓደኞቹ ፊት አትርቺው።

12. የወረቀቱን ነገር አስቢበት። ለሰባ ልጅ አራት ሕገ መንግሥት ፎቶ ኮፒ ማስደረግ ደመወዝሽ አይችለውም፤ ትምህርት ቤቱም አይከፍልልሽም። ከእያንዳንዱ አንድ ገጽ ብቻ ምረጪ፤ ከ1923ቱ አንቀጽ 32 ያለበትን፣ ከ1948ቱ 26ን፣ ከ1979ኙ ሥልጣን የማን እንደሆነ የሚለውን፣ ከ1987ቱ 8ን። አራቱን ገጽ በሁለት ወረቀት ፊትና ጀርባ አድርጊው፤ ለሦስት ልጅ አንድ ይደርሳል። መጨረሻ ላይ ሰብስቢና ለሚቀጥለው ክፍል ተጠቀሚበት፤ ልጆቹ ጠርዙ ላይ የጫጫሩትን አታጥፊው፣ የሚቀጥሉት መጀመሪያ የሚያነቡት እሱን ነው። የ1923ቱና የ1948ቱ ቅጂ እኔ ጋ አለ፤ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ስታገኚ ላኪልኝ፣ እሰጠዋለሁ።